ልሸኝዎት

የሙዚቃ ዝግጅታችን ቅጂ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ከታዳሚዎቹ አንዷ በስልኳ ቀድታ ላከችልኝ። ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ፒያኖው ጥርት ብሎ ይሰማል። አምስት ወር የለፉት ጣቶቼ አላሳፈሩኝም። አንድ ጣቢያ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቼሎው የታለ? ያ በጉልበት መሀል ተይዞ በደጋን የሚመታው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ?

ድምፁን ጨመርኩት። አለ። ግን ከግድግዳ ወዲያ እንደሚያወራ ጎረቤት ነው የሚሰማው። አንዳንዴ አንድ ቃል ይያዛል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፒያኖው ሲያርፍ ብቅ ይላል፤ ፒያኖው ሲመለስ ይዋጣል። የሥራው ስም «ሶናታ ለቼሎና ለፒያኖ» ነው። (ሶናታ በክፍል በክፍል የተጻፈ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው።) ቀድሞ የተጠራው ቼሎው ነው። ስልኬ ውስጥ ያለው ግን የፒያኖ ሙዚቃ ነው። ሥር ሥሩን አንድ ሰው ያጉተመትማል።

ቼሎውን የተጫወቱት እኔ የምኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ የሙዚቃ መምህርት ናቸው። ማዳም ነው የምላቸው። ፓሪስ አጠገብ ያለችው ይህች ከተማ ከመጣሁ ስንት ዓመቴ፣ ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት ግን እስከ ዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሁለት እጄን ይዘው «አመሰግናለሁ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ለሳምንታት የከነከነኝ ያ ዝምታ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ብቻዬን የያዝኩት ትምህርት

ፒያኖ የተማርኩት በልጅነቴ፣ አዲስ አበባ ነው። ክፍሉ ውስጥ አስተማሪዬና እኔ ብቻ ነበርን። ፒያኖ ደግሞ ለብቸኛ ሰው የተመቸ መሣሪያ ነው። ዜማውም፣ ባሱም፣ ምቱም በአሥር ጣት ይያዛል። የሌላ ሰው ትንፋሽ አያስጠብቅም። ስለዚህ ከሰው ጋር መጫወት ማለት አብሮ መቁጠር ይመስለኝ ነበር። እኩል ጀምረን እኩል ከጨረስን ተሳካልን ማለት ነው።

ማዳም የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የክሎድ ደቡሲን የቼሎ ሶናታ እንሞክር ሲሉኝ ኖታውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እንዲህ ባለ ኖታ ላይ የቼሎው መስመር ከፒያኖው በላይ፣ በትንንሹ ይጻፋል። እኔ የራሴን ሁለት መስመር ብቻ አነባለሁ። የላይኛዋን አያታለሁ፣ አልፋታለሁ። አብረን የተለማመድነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የእኔ ግን ስሮጥም አልተፈታም። ያሳሳተኝም ይኸው ነው። አንድም ኖታ አልሳትኩም። ቢፈታብኝ ኖሮ ቆም ብዬ ዙሪያዬን አይ ነበር።

አጀማመሩም ያታልላል። ሶናታውን የሚከፍተው ፒያኖው ብቻውን ነው። ረጋ ያለ፣ ቆፍጠን ያለ፣ ኩራት ያለበት አከፋፈት ነው። የድሮ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሙዚቃ ይሸታል። ከዚያ ቼሎው ተሽከርክሮ ይገባና ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ፒያኖው መንገዱን መልቀቅ አለበት። እኔ ግን በሩን ከፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

የእነሱ በጋ፣ የእኛ ክረምት

ደቡሲ ይህን ሶናታ የጻፈው በ1915 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አንደኛ ዓመቱን ሊደፍን ነበር። በዚያ የጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ ደቡሲ ብዙም አልጻፈም። ሠርቶ ለማደር የአቀናባሪውን የሾፓንን የፒያኖ ሥራዎች ለአሳታሚው ለዱራን ሲያርም ነበር። የጀርመን ኅትመት በጦርነቱ ምክንያት ስለቀረ ፈረንሳይ የራሷን ማዘጋጀት ነበረባት። ታሟል። ሃምሳ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። ወደ ጦር ሜዳ መሄድ አይችልም። ሰው ሁሉ እየሞተ ሙዚቃ መጻፍ ምን ይሉታል የሚለው ጥያቄም ይበላው ነበር።

ጁላይ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፑርቪል ሄደ። ፑርቪል ኖርማንዲ ውስጥ፣ ከዲዬፕ ከተማ አጠገብ ያለች የባሕር ዳር መንደር ናት። እስከ ኦክቶበር እዚያው ቆየ። ለእነሱ በጋ ነው፤ እኛ ዘንድ ክረምት ነው። ባሕሩን ሲያይ ተከፈተለት መሰለኝ። የቼሎው ሶናታ፣ አሥራ ሁለቱ የፒያኖ ኤቱዶች (መለማመጃ ድርሰቶች)፣ ከዚያ ደግሞ የፍሉት፣ የቪዮላና የሃርፕ ሶናታ፤ ሁሉም የዚያ ሦስት ወር ፍሬ ናቸው።

ዕቅዱ ለተለያዩ መሣሪያዎች ስድስት ሶናታ መጻፍ ነበር። ሦስቱን ነው የጨረሰው። ዲሴምበር 1915 በካንሰሩ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሦስተኛውን፣ የቫዮሊኑን፣ በ1917 እንደምንም አደረሰው። ማርች 25 ቀን 1918 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። የጀርመን የረጅም ርቀት መድፍ ከተማዋን ይደበድብ ነበር። 55 ዓመቱ ነው።

በእነዚህ ሶናታዎች ሽፋን ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ» የሚል አለ። ብዙ ሰው ስለዚህ ቃል ያወራል። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የሥራው ማጠር ነው። ሦስቱ ክፍሎች ተደምረው አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ናቸው። ራሱም ለዱራን በጻፈው ደብዳቤ ልኩንና ወደ ጥንቱ የተጠጋ ቅርጹን እንደወደደው ነግሮታል። ማልቀሻ ምክንያት ሞልቶት ነበር። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል የአገሬ ሰው። ደቡሲ ግን አንጀቱ እያለቀሰ እንባውን ሰፍሮ ያወጣ ሰው ነው የሚመስለኝ። አንድም የተረፈ ኖታ የለም። የተረፈ ኖታ በሌለበት ቦታ ደግሞ የእኔ ጉልበት የት ይግባ? የገባው ቼሎው ላይ ነው።

ማጀብ

በመጨረሻ አልቻልኩም፣ ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቼሏቸውን ይዘው ወደ እኔ ወርደው ነበር። ስልኬን አወጣሁ።

«ማዳም፣ ቅጂውን ሰምተውታል?»

«ለምን እሰማዋለሁ? እዚያው ነበርኩ።»

ደነገጥኩ። ለካ ሁሉንም ያውቃሉ። ተጫውተው ሳይጨርሱ ነው ያወቁት። ፊታቸው ላይ ግን ቁጣ የለም። ደጋናቸውን ሙጫ እየቀቡ፣ ዓይናቸውን ከደጋኑ ሳያነሱ፣ ደቡሲ ስለዚህ ሶናታ ለፒያኖ ተጫዋች የተወውን ማሳሰቢያ ነገሩኝ። ፒያኖ ተጫዋቹ ከቼሎው ጋር መታገል ሳይሆን ቼሎውን ማጀብ እንዳለበት ፈጽሞ አይርሳ ነው የሚለው። ከዚያ ሌላ ወሬ አነሱ።

ዓረፍተ ነገሯን በልቤ ወደ አማርኛ መለስኳት። ማጀብ። እኛም በሙዚቃ የምንለው እንዲሁ ነው። እገሌን ያጀበው ባንድ፣ በፒያኖ ያጀበችው እገሊት። ግን አጃቢ ሲባል ምን ይታየናል? ሙሽራ የሚያጅበው የመኪና ሰልፍ፣ ጥሩምባው። ትልቅ ሰው የሚያጅበው ባለ መሣሪያ፣ «ዞር በሉ» እያለ ሕዝብ የሚገፋው። አጃቢ ሲበዛ የሚታጀበው አይታይም። እኔም እኮ አጅቤያቸዋለሁ። አጀብኳቸውና ሰው አያያቸውም።

እና ቃሉ አልረዳኝም። ደቡሲ ያለውን ፈረንሳይኛውን ደጋግሜ አሰብኩት። ከሰው ጋር መሄድ ማለት ነው፣ አብሮ መጓዝ። ይህን ምን እንለዋለን? ባወጣ ባወርድ መልሱ አልመጣም። የመጣው ደረጃው ላይ ነው።

የሕንፃችን አሳንሰር ብዙ ጊዜ አይሠራም። ማዳም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ ልምምድ ስንጨርስ ቼሎውን እኔ አዝዬ እስከ ቤታቸው አደርስላቸዋለሁ። ሁሌም ከፊት ነበር የምወጣው። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሜ እየጠበቅኳቸው። ሲደርሱ እንደገና እቀድማለሁ። እየረዳኋቸው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ያን ቅዳሜ መታጠፊያው ላይ ዞር ብዬ አየኋቸው። አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ መደገፊያውን ይይዛሉ፣ ይተነፍሳሉ። ቀና ብለው ያዩኝና ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ፤ ከዚያ ከትንፋሻቸው በላይ ይፈጥናሉ። ለምን እንደሚፈጥኑ ገባኝ። ስለምጠብቃቸው ነው። መጠበቄ ራሱ እየጎተታቸው ነው።

ያኔ የእናቴ ድምፅ መጣብኝ። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆን ነው። ቤታችን አንዲት አሮጊት ዘመድ መጥተው ዋሉ። ሲመሽ እናቴ እስከ ታክሲው ልትሸኛቸው ተነሣች። የእኛ ሰው መቼም ሽኝት ያውቃል። እስከ በር ይባላል፣ በሩ ይታለፋል። «ግቢ በቃ፣ ብርድ ነው» ይባላል፣ «ግድ የለም፣ እስከ መንገዱ» ይባላል። እኔ የሴትዮዋን ዘንቢል ተሸክሜ ሮጬ ታክሲው ጋ ደረስኩ። ከዚያ ሆኜ «ኑ! ኑ! ሊሄድ ነው!» እያልኩ እጄን አውለበልባለሁ። አሮጊቷ ጭቃውን ሊዘሉ ሲሉ ተንገዳገዱ። እናቴ ደግፋ ያዘቻቸው። ሸኝተን ስንመለስ ግን እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ «እንግዳ እየሸኘሽ ነበር ወይስ እያባረርሽ?»

ደረጃው ላይ ቼሎውን እንዳዘልኩ ቆሜ ቀረሁ። መሸኘት። ቃሉ ይኸው። ሸኚ የራሱ መንገድ የለውም። የሚሄደው በእንግዳው እርምጃ ነው። እንግዳው ለወሬ ከቆመ ይቆማል። ከኋላ ቀርቶ አያስጨንቅም፣ ከፊት ሆኖ አይጎትትም። እናቴ አሮጊቷ ጭቃው ላይ ሲንገዳገዱ ቀድማ የያዘቻቸው ፈጣን ስለሆነች አይደለም። ጎናቸው ስለነበረች ነው። እናቴ ደግሞ ስትሸኝ የምትጠፋ ሴት አይደለችም። ታወራለች፣ ትስቃለች፣ የመንገዱን ድንጋይ ታሳያለች። ይህም ነገሩን ቀየረብኝ። እስከዚያ ድረስ ማዳም ያሉኝን «ዝግ አድርገሽ ተጫወቺ» ብዬ ነበር የተረዳሁት። ዝግ ማድረግማ ማንም ያደርገዋል። በር ላይ ቆሞ ማጎንበስም ሽኝት አይደለም።

ወርጄ ጎናቸው ሆንኩ። አንድ ደረጃ፣ እረፍት። አንድ ደረጃ፣ እረፍት። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ። ማዳም ደረጃ ከመውጣታቸው በፊት በአፍንጫቸው አጠር ያለ አየር ይስባሉ። ቼሎ ሲጫወቱም ዜማ ከመጀመራቸው በፊት የሚስቡት ያንኑ ነው። በልምምዱም በዝግጅቱም እዚያው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ አልሰማሁትም።

እግሬ

ከዚያ በኋላ ኖታውን እንደ አዲስ አነበብኩት። በመጀመሪያ የቼሎውን መስመር ብቻ፣ በአፌ እያንጎራጎርኩ። ጥፋቴን ጣቶቼ ላይ ስፈልግ ነበር። ያገኘሁት ግን ቀኝ እግሬ ላይ ነው።

የፒያኖ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ መሞት ይጀምራል። ቼሎ ግን ደጋን ስላለው ከተጀመረ በኋላም ሊያድግ ይችላል። ፒያኖ ተጫዋች ይህን ጉድለት በቀኙ ፔዳል ይሸፍናል። ፔዳሉ ሲረገጥ ክሮቹን የሚያፍኑት ሁሉ ይነሣሉ፤ ያልተመቱት ክሮች ሳይቀሩ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ያምራል። ብቻህን ስትጫወት በጣም ያምራል። ግን ያ ጉም የሚቀመጠው ልክ ቼሎው በሚያወራበት ቦታ፣ መሀልና ታች ነው።

ይህ በግልጽ የሚታየው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ስሙ «ሴሬናድ» ነው፤ የማታ ዘፈን እንደማለት። ቼሎው ደጋኑን ለብዙው ጊዜ ትቶ ክሮቹን በጣቱ ይነካል፤ ሙዚቀኞች ፒዚካቶ ይሉታል። ጊታር እንዲመስል ነው ይላሉ። ለእኔ ጆሮ ግን ክራር ነው። ለእናቴ ይህን ክፍል በስልክ ብልክላት «ይሄን ክራር የሚመታው ማነው? እጁ ይገርማል» ብላ መለሰችልኝ። አላረምኳትም። በጣት የተነካ ክር ድምፁ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው። ደቡሲም ለፒያኖው የሰጠው አጫጭርና ደረቅ ኖታ ነው፣ እንዲያ ያለውን ብልጭታ እንዳያጠፋ። እኔ እዚያ ላይ ፔዳል ረግጫለሁ። ሻማ ላይ ባልዲ ውኃ እንደመድፋት ነው።

ስለዚሁ ክፍል ሌላም ጥፋት አለብኝ። ዝግጅቱ ላይ ከመጀመራችን በፊት ለታዳሚው ማብራሪያ ሰጥቼ ነበር። ሙዚቃው ፒየሮ ስለሚባለው፣ ነጭ ለብሶ በድሮ ቲያትር ላይ ስለሚመጣው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ከጨረቃ ጋር ተጣልቷል፣ ሴሬናዱም የእሱ ነው ብዬ። ቆይቼ ሳነብ ይህን ታሪክ ያሠራጨው ሉዊ ሮዞር የተባለ ቼሎ ተጫዋች ነው። ደቡሲም በ1916 ለአሳታሚው ሲጽፍ በነገሩ አዝኗል፣ የእኔ አይደለም ብሏል። ሰውየው ያላለውን በአፉ ማድረግም ያው ድምፅ መሸፈን ነው። እዚያ አዳራሽ ለነበራችሁና ይህን ለምታነቡ ሰዎች፣ ያን ታሪክ ተዉት። ሙዚቃውን እንዲሁ ስሙት።

ደቡሲ ራሱ ይህን ሶናታ በማርች 1917 ፓሪስ ውስጥ ከዦዜፍ ሳልሞን ጋር ተጫውቶታል፤ ሳልሞን ቼሎውን፣ እሱ ፒያኖውን። ፒያኖ መዶሻ እንዳለው ማስረሳት ያስፈልጋል ይል ነበር ይባላል። ሕመሙ እየጠናበት፣ ሊሞት አንድ ዓመት ቀርቶት፣ የጻፈውን ማሳሰቢያ በራሱ ጣት ሲፈጽም ማየት ምንኛ በተመኘሁ።

ቅዳሜ

ከዚያ ወዲህ በሕዝብ ፊት አልተጫወትነውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እንጫወተዋለን። መጀመሪያ አካባቢ ፈርቼ ከመጠን በላይ ተደበቅኩ። ማዳም ደጋናቸውን አንሥተው «የት ሄድሽ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከሸኚው ጋር ወሬ አለ። አንዳንድ ቦታ ላይ ፒያኖው ነው የሚናገረው፣ ቼሎው ነው «እህ» የሚለው። ያን ጊዜ ደግሞ መናገር አለብኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ደረስን። ሴሬናዱ ሳያርፍ በቀጥታ ነው ወደዚህ የሚገባው። ፈጣን ነው፣ ነርቭ ያለበት ነው። ሊያልቅ ሲል ፒያኖው ያፈገፍግና ቼሎው ብቻውን ይጣራል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረውን አገባቡን የሚያስታውስ ጥሪ ነው። ከዚያ ደረቅ ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች)፣ አለቀ። ዝግጅቱ ላይ በዚህ ቦታ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለመጨረሻዎቹ ኮርዶች እጄን ማዘጋጀት። አሁን እጄን ከቁልፎቹ አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እግሬን ከፔዳሉ አወረድኩ። ያቺን አጭር ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ ቼሎው።

ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፤ በኖታው ላይ ጥቂት ነው። ኮርዶቹን አብረን መታናቸው። ማዳም ቼሎውን ደረታቸው ላይ ደግፈው ትንሽ ቆዩ። «ዛሬ አልታገልሽኝም» አላሉም። «ሻይ አለሽ?» ነው ያሉኝ።

ሻይ ጠጣን። ቼሎውን አዘልኩና ጎን ለጎን ወጣን። አንድ ደረጃ፣ እረፍት። ሦስተኛ ፎቅ ደርሰን ቼሎውን ግድግዳው ጥግ አቆምኩላቸው። ልሰናበታቸው ስል በሩን ገርበብ አድርገው ተከትለውኝ ወጡ።

«ወዴት ነው ማዳም?»

«እስከ ደረጃው» አሉ መደገፊያውን እየያዙ።

«ይግቡ በቃ፣ ጉልበትዎ» አልኳቸው። አልገቡም።